የተሰረቀ የኑክሌር ቦምብ ይፈነዳል? «ብሮክን አሮው»ን አይተው ለጠየቁ አባት

ጥያቄ፦ «ከ16 ዓመት ልጄ ጋር ሆነን ጆን ትራቮልታ የሚሠራበትን "ብሮክን አሮው" የተባለ ፊልም አየን። አንድ የአየር ኃይል አብራሪ ሁለት የኑክሌር ቦምቦች ይሰርቃል። አንዱ ይፈነዳል፣ በሌላው አንድ ትልቅ ከተማ ያስፈራራል። ልጄ "አባዬ፣ ይሄ በእውነት ሊሆን ይችላል?" ሲለኝ መልስ አጣሁ። ቦምብ መስረቅ ይቻላል? የሰረቀው ሰውስ ሊያፈነዳው ይችላል? ፊልሙ ላይ እንደሚሉት የጠፉ ቦምቦችስ በእርግጥ አሉ?»

ምላሽ፦

ሦስቱንም ጥያቄ መጀመሪያ በአጭሩ ልመልስ። ተሠርቶ ያለቀ የኑክሌር ቦምብ መስረቅ እጅግ ከባድ ነው። እስከ ዛሬ በይፋ የተረጋገጠ እንዲህ ያለ ስርቆት አንድም የለም። ቢሰረቅ እንኳ ሌባው ቁጥር ነካክቶ ያፈነዳዋል ማለት ዘበት ነው። የጠፉ ቦምቦች ግን አሉ። አሁንም ባሕር ውስጥ ናቸው።

የእኔ ሙያ የኑክሌር ቁሳቁስ ጥበቃ ነው። ስለዚህ ፊልሙን ያየሁት በሥራዬ ዓይን ነው። በቦምቡ አሠራር ላይ ብዙ ይሳሳታል። በሌባው ማንነት ላይ ግን ከብዙ መሰል ፊልሞች የተሻለ እውነት ይዟል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝን አደጋ ደግሞ ጨርሶ አያነሳውም። ወደዚያ እደርሳለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሙን ላላዩ አንባቢዎች ታሪኩ ይህ ነው። በ1996 የወጣ ነው፤ ዳይሬክተሩ ጆን ዉ ነው። ሻለቃ ቪክ ዲኪንስ እና ሻምበል ራይሊ ሄል ከራዳር በሚሰወር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ለልምምድ በረራ ይነሳሉ። አውሮፕላኑ ሁለት «ቢ-83» የሚባሉ እውነተኛ የኑክሌር ቦምቦች ጭኗል። አየር ላይ እንዳሉ ዲኪንስ ባልደረባውን ያጠቃል፤ ቦምቦቹንም ዩታ በረሃ ላይ ይጥላቸዋል። ቅጥረኞቹ መሬት ላይ ሆነው እየጠበቁ ነበር። ከሞት የተረፈው ሄል ከአንዲት የፓርክ ጠባቂ ጋር ሆኖ ሌቦቹን ማሳደድ ይጀምራል። አንዱ ቦምብ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ይፈነዳል፤ ሌላው በባቡር ይጫናል። አውሮፕላኑ ለፊልሙ የተፈጠረ ነው። ቦምቡ ግን እውነተኛ ነው። «ቢ-83» እስከ 1.2 ሜጋቶን የሚደርስ ኃይል አለው (አንድ ሜጋቶን የአንድ ሚሊዮን ቶን ተራ ፈንጂ ኃይል ነው)፤ ክብደቱም ከአንድ ቶን በላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ገና አውሮፕላኑ ሲነሳ ነው። አሜሪካ ለልምምድ ብላ እውነተኛ የኑክሌር ቦምብ ጭና ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አታበርም። ለልምምድ የሚጫነው ቅርጹና ክብደቱ ብቻ የተመሳሰለ ባዶ አካል ነው። ቦምቡን ከቦታ ወደ ቦታ ማዘዋወር ካስፈለገ በልዩ ጥበቃ፣ በጭነት አውሮፕላን ወይም በታጀበ መኪና ይሄዳል። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። በ1960ዎቹ «ክሮም ዶም» በሚባል ዘመቻ ቦምብ የጫኑ «ቢ-52» አውሮፕላኖች ቀን ከሌት አየር ላይ ይውሉ ነበር። ሶቪየት ኅብረት በድንገት ብታጠቃ መሬት ላይ እንዳይመቱ ነው። ይህ አሠራር የቆመው በሁለት ከባድ አደጋዎች ምክንያት ነው። አደጋዎቹን ላንሳቸው፤ የልጅዎን ጥያቄ በቀጥታ ይመልሳሉና።

ጥር 17 ቀን 1966 ስፔን ውስጥ፣ ፓሎማሬስ በምትባል የገጠር መንደር ሰማይ ላይ አንድ «ቢ-52» ነዳጅ ሲሞላ ከነዳጅ ጫኙ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። ሰባት ሰዎች ሞቱ። አራት የሃይድሮጂን ቦምቦች ወደቁ። ሦስቱ መሬት ላይ አረፉ። ከእነዚህ የሁለቱ መደበኛ ፈንጂ መሬት ሲመታ ፈነዳ፤ የቦምቡ ጥሬ ዕቃ የሆነው መርዛማ ፕሉቶኒየምም በእርሻው ላይ ተበተነ። የኑክሌር ፍንዳታ ግን አልተከተለም። አራተኛው ሜዲትራኒያን ባሕር ገባ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከሁለት ወር ተኩል በላይ ፈለገው። በመጨረሻ የረዳቸው ቦምቡ ሲወድቅ በዓይኑ ያየ ፍራንሲስኮ ሲሞ ኦርትስ የተባለ የአካባቢው ዓሣ አጥማጅ ነበር። ቦምቡ የተገኘው ከ800 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ነው። የተበከለው አፈር፣ ወደ 1,400 ቶን ገደማ፣ በበርሜል ተጭኖ ወደ ደቡብ ካሮላይና ተወሰደ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ጥር 21 ቀን 1968፣ ሌላ «ቢ-52» አራት ቦምቦች እንደጫነ ግሪንላንድ ውስጥ ቱሌ አጠገብ በረዶ ላይ ተከሰከሰ። ከዚያ በኋላ በረራው ተቋረጠ።

የጠፉትን በተመለከተ፣ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ራሱ ከ1950 እስከ 1980 ባለው ጊዜ 32 የኑክሌር መሣሪያ አደጋዎች እንደደረሱ አምኗል። የፊልሙ ርዕስም ወታደሮቹ እንዲህ ላለው አደጋ የሚጠቀሙበት መጠሪያ ነው። በ1958 ጆርጂያ ውስጥ፣ ሳቫና ከተማ አጠገብ፣ አንድ «ቢ-47» ቦምብ ጣይ ከተዋጊ ጄት ጋር ተጋጨ። አብራሪው በሰላም ለማረፍ ሲል ቦምቡን ታይቢ ደሴት አካባቢ ውኃ ውስጥ ጣለው። እስከ ዛሬ አልተገኘም። አየር ኃይሉ የቦምቡ የኑክሌር እምብርት በዚያ በረራ ላይ አልተገጠመም ነበር ይላል። በታኅሣሥ 1965 ደግሞ አንድ «ኤ-4» ተዋጊ አውሮፕላን ከቲኮንዴሮጋ መርከብ ላይ ተንሸራትቶ ፊሊፒንስ ባሕር ገባ። አብራሪው፣ አውሮፕላኑና ቦምቡ አብረው ሰመጡ። ውኃው እጅግ ጥልቅ ስለሆነ ማንም አላወጣቸውም። ስለዚህ ለልጅዎ «አዎ፣ የጠፉ አሉ» ይበሉት። የጠፉት ግን በአደጋ ነው። ሌባ እጅ የገባ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ዲኪንስ ቦምቡን ከፍቶ ቁጥር ያስገባል፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ መቁጠር ይጀምራል። ይህን ቁጥር ከየት አመጣው? እውነተኛው አሠራር ላይ አብራሪ ቁጥሩን አያውቀውም። ቁጥሩ የሚመጣው ከላይ፣ ከፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ጋር ነው። ትእዛዝ ከሌለ አብራሪው የያዘው የተቆለፈ ብረት ነው።

ይህ ቁልፍ እንዴት እንደመጣ ማወቅ ጥሩ ነው። በታኅሣሥ 1960 የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት አውሮፓ ውስጥ ያሉ የኔቶ ሰፈሮችን እየዞሩ ይጎበኙ ነበር። ሃሮልድ አግኒው የሚባል፣ ሎስ አላሞስ በሚባለው የቦምብ ላቦራቶሪ የሚሠራ ሳይንቲስት አብሯቸው ነበር። አንዱ ሰፈር ላይ የአሜሪካ የኑክሌር ቦምብ የተጫነባቸው የሌላ አገር ተዋጊ አውሮፕላኖች ለመነሳት ተዘጋጅተው ቆመዋል። የሚጠብቃቸው ጠመንጃ የያዘ አንድ ወጣት አሜሪካዊ ወታደር ብቻ ነው። ያ ወታደር አንድ አብራሪ ድንገት ተነስቶ ልብረር ቢል ምን ማድረግ ይችላል? አግኒው ደነገጠ። ወደ አገሩ እንደተመለሰ ቦምቡ ራሱ ላይ መቆለፊያ እንዲገጠም ወተወተ። በሰኔ 1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ አውሮፓ ያሉት ቦምቦች ሁሉ ይቆለፉ ብለው አዘዙ። ቁልፉ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ፓል» ይባላል። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ይህ ቁልፍ የተፈጠረው ገና ከጅምሩ ለዲኪንስ ዓይነቱ ሰው ነው። አጥር ዘሎ ለሚገባ ሌባ አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ቁልፎች ቀላል ነበሩ። የኋለኞቹ ግን ቦምቡ ሆድ ውስጥ የተቀበሩ ናቸው። ልቁረጣቸው ቢሉ ቦምቡን የሚያበላሹ ናቸው። የሙከራ ገደብም አላቸው። ኤቲኤም የተሳሳተ ቁጥር ሲደጋገምበት ካርድ እንደሚውጠው፣ ቦምቡም ጥቂት የተሳሳተ ሙከራ ከቆጠረ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ቁጥር ቢመጣም ዋጋ የለውም፤ ቦምቡ ወደ ፋብሪካ መመለስ አለበት። የሚገርመው፣ የፊልሙ ደራሲ ይህን ያውቃል። ሄል ማዕድን ማውጫው ውስጥ ሆን ብሎ የተሳሳተ ቁጥር በማስገባት ቦምቡን ሊዘጋው ይሞክራል። ሐሳቡ ትክክል ነው። ዲኪንስ ግን ቀድሞ የውስጡን ሰሌዳ ነካክቶታልና ቆጠራው ይጀምራል። ይህ ለፊልም ያምራል። እውነተኛው ቁልፍ ግን ሰው በረሃ ላይ በመፍቻ ከፍቶ የሚቀይረው ሰሌዳ አይደለም።

ከቁልፉ ጀርባ ሌላም አለ። ዘመናዊ ቦምብ «ጠንካራ ማያያዣ» እና «ደካማ ማያያዣ» የሚባሉ ሁለት መከላከያዎች አሉት። ጠንካራው የተወሰነ፣ በአጋጣሚ ሊፈጠር የማይችል የኤሌክትሪክ ምልክት ካልደረሰው አይከፈትም። ደካማው ደግሞ እሳት ወይም አደጋ ሲመጣ ቀድሞ እንዲሞት ሆኖ የተሠራ ነው፤ እሱ ከሞተ ቦምቡም መፈንዳት አይችልም። በዚያ ላይ ቦምቡ የተለመደውን ጉዞውን መሄዱን የሚያውቅበት መሣሪያ አለው። ከአውሮፕላን ተለቆ መውደቁን ካልተገነዘበ አይነሳም። ባቡር ላይ የተጫነ ቦምብ፣ ፊልሙ መጨረሻ ላይ እንደምናየው ማለት ነው፣ ይህን ምልክት ከየት ያገኛል?

ዲኪንስ ሰዎቹን ወደ ቦምቡ አትተኩሱ ብሎ የሚገስጽበት ታዋቂ ቦታም አለ። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ፕሉቶኒየም መበተን ማንም አይፈልግም። «ቢ-83» ውስጥ ያለው ፈንጂ ግን በጥይት ወይም በእሳት በቀላሉ እንዳይፈነዳ ተብሎ የተመረጠ ነው። ይህም ከፓሎማሬስና ከቱሌ የተገኘ ትምህርት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ ጊዜ አልመጣም። ብዙው የመጣው ከድንጋጤ ነው። ጥር 1961 ሰሜን ካሮላይና፣ ጎልድስቦሮ አጠገብ አንድ «ቢ-52» አየር ላይ ተበታተነ። ከስምንቱ ሠራተኞች ሦስቱ ሞቱ። ሁለት ግዙፍ ቦምቦች ወደቁ። አንዱ ጃንጥላው ተዘርግቶ፣ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ለፍንዳታ የሚያስፈልጉትን ደረጃዎች አንድ በአንድ አልፎ ነበር። ያስቆመው አንድ ተራ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ይህን የጻፈው በመንግሥት የቦምብ ላቦራቶሪ የደህንነት ሥራ ላይ የነበረ ሰው ነው፤ ሰነዱ በ2013 ይፋ ሆኗል። ሌላው ቦምብ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የተወሰነ ክፍሉ እስከ ዛሬ ከመሬት በታች ነው። ማንም ሳይሰርቅ፣ ማንም ሳያስፈራራ፣ አንድ ክፍለ ሀገር ለጥቂት ተረፈ።

ስለ ማዕድን ማውጫው ፍንዳታ አጭር ነገር ልበል። መሬት ውስጥ ፍንዳታ ሆኖ ሄሊኮፕተር በኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ይወድቃል። እንዲህ አይሆንም። ያ ሞገድ በርትቶ የሚመጣው ፍንዳታው ከከባቢ አየር በላይ ሲሆን ነው። በሐምሌ 1962 አሜሪካ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ 1.4 ሜጋቶን ስታፈነዳ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀችው ሃዋይ ውስጥ የመንገድ መብራቶች ጠፍተዋል። ከመሬት በታች ሲሆን ግን አለቱ ሞገዱን ውጦ ያስቀረዋል። በሌላ በኩል፣ የ1.2 ሜጋቶን ፍንዳታ ጢሱ ሳይወጣ እንዲታፈን ከተፈለገ አሜሪካ ኔቫዳ ውስጥ ለመሬት ውስጥ ሙከራዎቿ በተጠቀመችበት ስሌት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ መቀበር አለበት። ያንን ቦምብ በሙሉ ኃይሉ ተራ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ቢያፈነዱት ጀግኖቹ በወንዝ አምልጠው አይተርፉም ነበር።

ፊልሙ የገባው ነገር የሌባው ማንነት ነው ብያለሁ። ዲኪንስ ከውጭ የመጣ አሸባሪ አይደለም። ዩኒፎርም የለበሰ፣ ፈቃድ ያለው፣ ሁሉም የሚያውቀው ሰው ነው። ዕድገት ተነፍጎኛል ብሎ የቆሰለ ሰው ነው። ገንዘብም ይፈልጋል። ቂምና ገንዘብ ደግሞ በሥራ ዓለማችን ስለ ውስጥ ሌባ ስንማር መጀመሪያ የሚነሱት ሁለቱ ናቸው። በየኑክሌር ተቋሙ «የሁለት ሰው ሕግ» የሚባል አለ። ማንም ብቻውን ከቦምብ ጋር አይተውም፤ ሁልጊዜ ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው አብሮት ይቆማል። ፊልሙ ይህን ሕግ ወስዶ ያለበትን ክፍተት በትክክል ያሳያል። ሁለቱ ሰዎች ጓደኛሞች ሲሆኑ፣ አንዱ ሌላውን መጠራጠር ሲተው፣ ሕጉ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ለዚህ ነው የአሜሪካ ጦር ከቦምብ ጋር የሚሠራን ሰው ሁሉ በየጊዜው የሚፈትሸው። ዕዳው፣ መጠጡ፣ ትዳሩ፣ የአእምሮ ጤናው ይታያል። ሐኪም የራስ ምታት መድኃኒት ቢያዝለት እንኳ አለቃው ማወቅ አለበት። ሰብአዊ ክብርን የሚነካ ይመስላል፣ ይገባኛል። ግን እዚህ ቦታ ላይ የአንድ ሰው ክፉ ወር የአንድ ከተማ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ከክፋት ቀጥሎ የምፈራው መላመድን ነው። ነሐሴ 2007 ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ማይኖት በሚባለው የአየር ኃይል ሰፈር ሠራተኞች ባዶ ሚሳይሎች ወደ ሉዊዚያና ሊልኩ ነበር። በስህተት ስድስት እውነተኛ የኑክሌር አረር የተገጠመባቸው ሚሳይሎች «ቢ-52» ላይ ጫኑ። አውሮፕላኑ ተራ ጭነት እንደያዘ ሆኖ አደረ። በማግስቱ አገር አቋርጦ በረረ። ከደረሰም በኋላ ለሰዓታት ቆመ። በድምሩ ወደ 36 ሰዓት ገደማ፣ ስድስት የኑክሌር መሣሪያዎች ከቦታቸው መነሳታቸውን አንድም ሰው አላወቀም። ማረጋገጫው ቀላል ነበር፤ በሚሳይሉ መስኮት ማየት ብቻ። በሰንሰለቱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ሰው ከእኔ በፊት ያለው አይቶታል ብሎ አለፈው። በቀጣዩ ዓመት የአየር ኃይሉ ሚኒስትርና የጦር አዛዡ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ፊልም ቢሠራ ማንም አያየውም፤ ተኩስ የለውም። እኔን ግን ከዲኪንስ በላይ ያስፈራኛል።

በሐምሌ 2016 የቱርክ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራም እንዲሁ አስደንግጦን ነበር። ኢንጅርሊክ በሚባለው ሰፈር ወደ 50 የሚጠጉ የአሜሪካ ቦምቦች እንዳሉ ያኔ የመስኩ ተመራማሪዎች ይገምቱ ነበር። የሰፈሩ ቱርካዊ አዛዥ ከሙከራው ጋር በተያያዘ ታሰሩ። የሰፈሩ መብራት ለቀናት ተቋረጠ። ቦምቦቹ ከመሬት በታች ባለ ካዝና ውስጥ ናቸው፣ ቁልፍም አላቸው። ሆኖም ቁልፍ የሚያስገኘው ጊዜ ነው። ሌባውን ለሰዓታት ወይም ለቀናት ያዘገየዋል፤ እስከዚያ ሌላ ሰው መድረስ አለበት።

እንግዲህ ፊልሙ ወዳልነካው ነገር ልግባ። የኑክሌር ቦምብ ለመሥራት ከሁሉም ነገር አስቸጋሪው ጥሬ ዕቃውን ማግኘት ነው፤ እጅግ የበለጸገ፣ ማለትም ለቦምብ እስኪሆን የተጣራ፣ ዩራኒየም ወይም ፕሉቶኒየም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ለክትትል የሚጠቀምበት መለኪያ 25 ኪሎ የበለጸገ ዩራኒየም ወይም 8 ኪሎ ፕሉቶኒየም ነው። ይህን ያህል ከጠፋ አንድ ቦምብ ሊሠራበት አይችልም ማለት አይቻልም። ጥሬ ዕቃው ቁጥር አይጠይቅም፣ ፕሬዚዳንት አይጠብቅም። ዩራኒየሙ ደግሞ ጨረሩ ደካማ ስለሆነ በር ላይ በሚቆም መሣሪያ ማግኘት ከባድ ነው። ስለ ቦምብ አሠራር ከዚህ በላይ አልገባም።

ይህን በደንብ የሚያሳየው ታሪክ ከሞስኮ ደቡብ ፖዶልስክ በምትባል ከተማ የሆነው ነው። ዓመቱ 1992 ነው። ሶቪየት ኅብረት ፈርሳለች፣ ደመወዝ ዋጋ አጥቷል። «ሉች» በሚባል የምርምር ተቋም ለዓመታት የሠራ አንድ ኢንጂነር በየጊዜው ጥቂት ግራም የበለጸገ ዩራኒየም እየያዘ ይወጣል። የተቋሙ ደንብ በሥራ ላይ የተወሰነ መጠን እንደሚባክን ይቀበል ነበር። ሰውየው በጥንቃቄ ሠርቶ ብክነቱን ይቀንሳል፤ የተረፈውን ለራሱ ያስቀራል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ምንም አልጎደለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ 1.5 ኪሎ ገደማ አከማቸ። ያስቀመጠው ቤቱ በረንዳ ላይ ነው። በኋላ ሲጠየቅ የፈለገው ማቀዝቀዣና ምድጃ መግዛት እንደነበር ተናግሯል።

እንዴት ተያዘ? ገዢ ፍለጋ ሞስኮ ሊሄድ ባቡር ጣቢያ ቆሟል። አጠገቡ ያሉት ጎረቤቶቹ ከፋብሪካቸው ባትሪ ሰርቀው ነበር። ፖሊስ እነሱን ሲይዝ እሱንም አብሮ ያዘው። የትኛውም የኑክሌር ጥበቃ አላገኘውም። ባትሪዎቹ ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ታሪኩን አናውቀውም ነበር።

ይህ ሰው መትረየስ አልያዘም። ሄሊኮፕተርም አልነበረውም። ባልደረቦቹ ጠዋት ሰላም የሚሉት ጸጥተኛ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ብቸኛው አልነበረም። በነሐሴ 1994 ከሞስኮ በመጣ አውሮፕላን ሙኒክ ላይ 363 ግራም ፕሉቶኒየም ተያዘ። በታኅሣሥ ወር ፕራግ ውስጥ መኪና ላይ 2.7 ኪሎ የበለጸገ ዩራኒየም ተገኘ። የእነዚህ ዕቃዎች ሁሉ አንድ የጋራ ነገር፣ ባለቤት የሆነው ተቋም ጠፋብኝ ብሎ አስቀድሞ አለማመልከቱ ነው። የተቆጠረ ነገር ሲጎድል ይታወቃል። በትክክል ያልተቆጠረ ነገር ግን መጥፋቱም አይታወቅም።

«ያ የሩሲያ ጣጣ ነው» እንዳይባል ሁለት ነገር ልጨምር። ሐምሌ 2012 ቴነሲ ውስጥ፣ የአሜሪካ የበለጸገ ዩራኒየም ዋና መጋዘን ባለበት «ዋይ-12»፣ ሜገን ራይስ የተባሉ የ82 ዓመት መነኩሲት ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ሌሊት አጥሮቹን በመቁረጫ ቆርጠው ገቡ። መጋዘኑ ግድግዳ ድረስ ደረሱ። የሰላም መፈክር ጻፉ፣ ደም ረጩ፣ ዘበኛው ሲመጣ ዳቦ አቀረቡለት። የማንቂያ ደወሉ ሳይሠራ ቀርቶ አይደለም። ያለ ምክንያት በተደጋጋሚ ስለሚጮህ ጠባቂዎቹ ንቀውት ነበር።

ሁለተኛው እዚሁ አህጉራችን ላይ ነው። ደቡብ አፍሪካ ስድስት የኑክሌር ቦምቦች ሠርታ፣ ከዚያ በገዛ ፈቃዷ ያፈረሰች አገር ናት። ፕሬዚዳንት ዴክለርክ ይህን ለዓለም የተናገሩት በመጋቢት 1993 ነው። ከቦምቦቹ የወጣው ዩራኒየም ግን ፔሊንዳባ በሚባለው ተቋም ተቀምጧል። በኅዳር 2007 አንድ ሌሊት የታጠቁ ሰዎች በኤሌክትሪክ አጥሩ አልፈው ገቡ። እስከ አደጋ ጊዜ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ዘልቀው አንድ ሠራተኛ በጥይት መቱ። በዚያው ሌሊት ሌላ ቡድን በሌላ አቅጣጫ ለመግባት ሞከረ። ዩራኒየሙ አልተነካም። ማን እንደላካቸው ግን እስከ ዛሬ በይፋ አልታወቀም። አጥሩን እንዴት እንደሚያጠፉ፣ በየት በኩል እንደሚሄዱ ማወቃቸውን ያየ የመስኩ ሰው ሁሉ የውስጥ እጅ ይጠረጥራል።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ቁጥር ከሚፈታ ጀግና ይልቅ በጣም የሠራው ነገር ዕቃውን ከአደገኛ ቦታ ማንሳት ነው። በኅዳር 1994 አሜሪካኖች ከካዛኪስታን መንግሥት ጋር ተስማምተው ኡስት-ካሜኖጎርስክ ከሚባል ከተማ ወደ 600 ኪሎ የሚጠጋ የበለጸገ ዩራኒየም በሦስት ግዙፍ አውሮፕላኖች ጭነው ወደ ቴነሲ ወሰዱ። ከ20 በላይ ለሆኑ ቦምቦች ይበቃ ነበር። መጋዘኑን ይጠብቀው የነበረው በር ላይ የተንጠለጠለ ተራ ቁልፍ ነው። ቡድኑ ለሳምንታት በዝምታ እያሸገ ሲሠራ ዓለም አልሰማም። እኔ ስለዚህ ሥራ ፊልም ተሠርቶ ብዙ ሰው እንዲያየው እመኛለሁ፤ ከባቡር ላይ ድብድብ በላይ ልብ የሚሰቅል ነው።

በእኛ አህጉርም ይኸው ሥራ ተሠርቷል። ጋና በ2017 የምርምር ማብላያዋን የበለጸገ ዩራኒየም ወደ ቻይና መለሰች። በታኅሣሥ 2018 ደግሞ ናይጄሪያ ዛሪያ ከሚገኘው ዩኒቨርሲቲዋ አንድ ኪሎ ገደማ በጦር ታጅቦ ወጣ። አካባቢው የታጠቁ ቡድኖች ከሚንቀሳቀሱበት ሩቅ አልነበረም። ማብላያዎቹ አሁን ለቦምብ በማይሆን ዝቅተኛ ዩራኒየም ይሠራሉ፤ ተማሪዎቹም ምርምራቸውን ቀጥለዋል። የቀረው የፔሊንዳባው ነው። መጠኑ ከ200 ኪሎ በላይ እንደሚሆን በሰፊው ይገመታል። ደቡብ አፍሪካ የራሴ ሀብት ነው፣ ለሕክምናና ለምርምር ይጠቅመኛል ትላለች፤ ለማንም የማስረከብ ሐሳብም አላሳየችም። አገሪቱ ቦምቧን ራሷ ያፈረሰች ናትና እኛን አትመኑንም ወይ የሚለው ቅሬታዋ ይገባኛል። የእኔ አቋም ግን ግልጽ ነው። ዕቃው እዚያ እስካለ ድረስ በ2007 የመጡት ሰዎች፣ ወይም እነሱን የላካቸው፣ ተመልሰው ሊሞክሩ ይችላሉ። ወደ ዝቅተኛ ደረጃ ቢለወጥ ለሕክምናውም ያገለግላል፣ ለሌባ ግን ከንቱ ይሆናል።